አንድ ለዘመን

ጎረቤታችንን እማማን ከዕድራቸው ዝርዝር ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ሰፈሩ ዛሬም ድረስ «የኮምፒውተሩ ጥፋት ነበር» ይላል፤ አባቴም እንደዚያ እንዲባል ፈቅደዋል። ኮምፒውተሩ ግን አላጠፋም። የሆነውን በቀይ ጽሑፍ ነግሮኝ ነበር፤ አፉን ያፈንኩት እኔ ነኝ።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት ነው። ባሕር ዳር፣ ፖሊ በሚባለው ካምፓስ፣ ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ ከመናኸሪያ ተሳፈርኩ። መራዊንና ወተት ዓባይን አልፌ ዱርቤቴ ስወርድ በቦርሳዬ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ በጭንቅላቴ የአንድ ሴሚስተር ጃቫ ይዤ ነበር። አባቴ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ናቸው። መዝገቡ ጀርባው በክር የተሰፋ፣ የገጾቹ ጠርዝ ከጣት ብዛት የጠቆረ ትልቅ ደብተር ነው። 64 አባላት ከነአባታቸውና ከነአያታቸው ስም በአባቴ ቀጥ ያለ የእጅ ጽሑፍ ሰፍረውበታል። ተራ ቁጥር 1 ላይ ያሉት እማማ ናቸው። ዕድሩ ሲቋቋም ባለቤታቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ እሳቸው ሲያርፉ ቦታው በእማማ ስም ቀጠለ።

«ይኼን ነገር በዚያ መሣሪያህ አትጽፍልኝም?» አሉኝ አባቴ አንድ ማታ። ዓይናቸው እየደከመ ነበር፤ በየወሩ ክፍያ ሲመዘግቡ መስመር ይሳከርባቸዋል። አባቴ እኔ የማውቀውን፣ እሳቸው የማያውቁትን ነገር ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነበር። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ላፕቶፑን ስከፍት የጃቫን ምልክት፣ እንፋሎት የሚወጣበትን ሲኒ፣ አይተው «ቡና ነው እንዴ?» አሉ። ስሙ ከቡና እንደመጣ ነገርኳቸው። ጄምስ ጎስሊንግና ባልደረቦቹ ሰን ማይክሮሲስተምስ በሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ሠርተው በ1995 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ሲያወጡት፣ ቀድሞ «ኦክ» ይሉት የነበረውን ቋንቋ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባለች ደሴት ቡና ሰየሙት። አባቴ ጥቂት አሰብ አደረጉና «የቡናው አገር እያለ?» አሉ። የዘጌን ቡና ጠጥቶ ላደገ ሰው ተገቢ ጥያቄ ነው።

ሥራውን የጀመርኩት «አባል» የሚል ክላስ፣ የአንድን አባል መረጃ የሚይዝ ንድፍ፣ በመጻፍ ነው። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ስልክ። 64ቱን ከፋይል እያነበብኩ በአሬይ ሊስት ውስጥ ደረደርኳቸውና እስቲ አንዱን አትም አልኩት። የወጣው ስም አልነበረም። የክላሱ ስም፣ ከዚያ የ@ ምልክት፣ ከዚያ ቁጥርና የእንግሊዝኛ ፊደል የተቀላቀለበት ነገር ሆኖ ወጣ። ሌላውንም ባሳትመው ያው ነው። ሰዎቼ ሁሉ ቁጥር ሆኑብኝ።

ጃቫ የጀመረ ሰው ሁሉ ይህን አይቷል። ከክላስ የሚፈጠር እያንዳንዱ ኦብጀክት የሁሉ ወላጅ ከሆነው ክላስ «ቱስትሪንግ» የሚባል ሜተድ ይወርሳል፤ «አትም» ስንለው የሚጠራው እሱን ነው። የራሳችንን ካልጻፍን የወረሰው ይሠራል። የወረሰው ደግሞ የክላሱን ስም፣ @ን፣ ቀጥሎም ሃሽ ኮድ የሚባለውን ቁጥር በ16 መደብ ጽፎ ይመልሳል። ያ ቁጥር ኦብጀክቱ በሜሞሪ ውስጥ ያለበት አድራሻ ነው ሲባል ሰምቼ እኔም ለሌሎች ደጋግሜ ተናግሬያለሁ፤ ልክ አልነበርኩም። አድራሻ ይሁን የሚል ግዴታ ጃቫ ውስጥ የለም። ኮምፒውተሩ የሚለን ይህን ብቻ ነው፦ አንድ አባል እዚህ አለ፣ ምን ብዬ እንደምጠራው ግን አልነገርከኝም።

መድኃኒቱ ጥቂት መስመር ነው፤ እኔን ግን ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በሜተዱ ስም መካከል ያለችውን ትልቋን «ኤስ» በትንሿ ጻፍኳት። ጃቫ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ስለሚለይ፣ የእኔን ሜተድ አዲስ ፍጥረት ነው ብሎ ተቀበለው፤ ሲያትም ግን የወረሰውን መጥራቱን ቀጠለ። ኤረር የለም፣ ቀይ ጽሑፍ የለም፣ ውጤቱ ያው @ ነው። ከሜተዱ በላይ «@ኦቨርራይድ» የምትለዋን ቃል ብጽፍ ኖሮ ኮምፓይለሩ «በዚህ ስም የወረስከው ነገር የለም» ብሎ ወዲያው ያስቆመኝ ነበር። ዛሬ ጃቫ ሳስተምር ተማሪዎቼ ይህችን ቃል ሳይጽፉ ሲቀሩ ኮዱ ቢሠራም እመልሰዋለሁ።

በመጨረሻ ስሞቹ ወጡ። ሦስቱንም ስም አስገብቼ ነበር፤ ሲታተም ግን መስመሩ ረዝሞ የወራቱን ሳጥኖች ገፋቸው። ሠንጠረዡ እንዲያምርልኝ የአያቱን ስም ቆረጥኩት። አባቴ አንድም ጊዜ ሳያጎድሉ የጻፉትን እኔ ለውበት ብዬ ቆረጥኩት።

ቀጥሎ ሉፑ፣ ስሞቹን አንድ በአንድ እየዞረ የሚያትመው ትእዛዝ። ቆጣሪውን ከ1 አስነሥቼ ከዝርዝሩ መጠን ያነሰ ወይም እኩል እስከሆነ ድረስ እንዲሄድ አዘዝኩት፤ ከ1 እስከ 64፣ ሰው እንደሚቆጥረው። ስሞቹ በየተራቸው ወረዱ፤ መጨረሻ ላይ ቀዩ ተከተለ። ኢንዴክሱ፣ የቦታው ቁጥር፣ ከወሰን ውጭ ወጥቷል የሚል ረጅም የኤረር ስም፣ ከጎኑ «ኢንዴክስ፦ 64፣ ሳይዝ፦ 64»፣ ከሥሩም ነገሩ የተነሣበት የኮዴ መስመር ቁጥር።

ሁሉም ነገር እዚያ ተጽፎ ነበር። ጃቫ ውስጥ የመጀመሪያው ዕቃ ቦታ 0 ነው። 64 ዕቃ ያለበት ዝርዝር ከ0 እስከ 63 ይሄዳል፤ 64 የሚባል ቦታ የለውም። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል መሆናቸው «ከመጨረሻው አንድ እርምጃ አልፈሃል» ማለት ነው። ያን ያነበበ ሰው ሁለተኛውን ጥያቄ ሳይጠይቅ አያልፍም፦ በዚያ ጫፍ አንድ ካለፍኩ፣ በዚህኛው ጫፍ ከየት ነው የተነሣሁት? ከ1 ከተነሣሁ 0 ላይ የቀረው ማን ነው?

አላነበብኩትም። ቀይ ጽሑፍ ያሳፍረኝ ነበር። በኮምፒውተር ላብራቶሪ ውስጥ ቀይ የወጣበት ሰው ጎረቤቱ ሳያይበት መስኮቱን ይዘጋል፤ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ኤረር ሲነሣ የሚይዙትን ትራይ እና ካች ተምረን ስለነበር ሉፑን በሙሉ በትራይ ከበብኩት፤ በካች ቅንፍ ውስጥ ደግሞ አንዲት ቃል እንኳ አልጻፍኩም። ችግር ሲመጣ ምንም አታድርግ፣ ለማንም አትናገር ማለቴ ነበር። ቀዩ ጠፋ። 63 ስም፣ ከ1 እስከ 63 ተራ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አሳተምኩት።

አባቴ ወረቀቱን ወደ አምፖሉ አስጠግተው ግርጌውን አዩ። «64 አልነበርንም?»

«ኮምፒውተር ከዜሮ ነው የሚቆጥረው፤ በእሱ 63 ማለት በእኛ 64 ነው» አልኳቸው።

ስናገር እውነት የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ከዜሮ እንደሚቆጠር በክፍል ሰምቻለሁ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ተራ ቁጥር ግን ከ1 የተነሣው የእኔ ቆጣሪ ነበር። 63 ማለት 63 ነው። አባቴ ይህን ሊያውቁ አይችሉም። ቢሆንም ዝም ብለው አላመኑኝም፤ መዝገቡን ገልጠው የመጀመሪያውን ስም፣ የእማማን፣ ወረቀቱ ላይ ፈለጉ። ስማቸውን ከነአባታቸው ስም 41ኛው መስመር ላይ አገኙትና ረኩ። ችግሩ ዕድሩ ውስጥ ስማቸውም የአባታቸው ስምም ከእማማ ጋር አንድ የሆነ ሌላ ወይዘሮ መኖራቸው ነው። በመዝገቡ የሚለያቸው የአያት ስም ነበር። 41ኛው መስመር የወይዘሮዋ ነው።

«እንግዲህ እናንተ የተማራችሁት ታውቃላችሁ» አሉና መዝገቡን ሣጥን ውስጥ ቆለፉት።

መስከረም ላይ እማማ እንደ ልማዳቸው ከሰው ሁሉ ቀድመው መጥተው 20 ብራቸውን ከፈሉ፤ ገንዘብ ያዡ ባገኘው ስም ላይ ምልክት አደረገ። ወይዘሮዋ ሲመጡ ሳጥኑ ተሞልቷል፤ «ተከፍሏል» ሲባሉ ባለቤቴ ከፍሎልኝ ይሆናል ብለው ተመለሱ። ጥቅምትም እንዲሁ አለፈ። ኅዳር ላይ ባልና ሚስቱ አብረው መጡ። «እኛ አልከፈልንም፤ የማን ገንዘብ ነው በስማችን የተጻፈው?» አሉ። ከስሙ ጎን ያለው ስልክ ሲታይ የወይዘሮዋ ሆኖ ተገኘ፤ መስመሩም የእሳቸው ሆነ። በታኅሣሥ እማማ ሲመጡ «ስምዎ ወረቀቱ ላይ የለም፤ እስኪጣራ ይቆዩ» ተባሉ። መዝገቡን የሚያውቁት አባቴ ከኅዳር መባቻ ጀምሮ ዓይናቸውን ሊታከሙ ባሕር ዳር እኔ ዘንድ ነበሩ።

እማማ አልተከራከሩም። ብሩን በመቀነታቸው ጫፍ መልሰው ቋጥረው ወጡ። አርጅቻለሁ፣ ልጅ የለኝም፣ ባለቤቴ ከሞተ ቆየ፣ ስለዚህ አወጡኝ ብለው ነው ያሰቡት። በዚያው ሰሞን ጡሩምባ ሲነፋ፣ የዕድሩ ድንኳን ሲተከል፣ እማማ ወደ ውስጥ አልዘለቁም። ከአጥሩ ውጭ ቆመው አልቅሰው ተመለሱ። ይህን በስልክ የነገሩኝ እናቴ ናቸው። የዕድር ሰው ሳይሆኑ በለቅሶ ዳር መቆም ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አባቴ ከጎኔ ተቀምጠው ስልኩን ይሰሙ ነበር። «መዝገቡ ላይ አንደኛ ናቸው እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ባዶውን ቅንፍ አየሁት። ትራዩንም ካቹንም አጥፍቼ ፕሮግራሙን አስኬድኩት፤ ቀዩ ያኔ እንደነበረው፣ ቃሉን ሳይለውጥ፣ 64 እና 64 ብሎ ወጣ። ለአራት ወር ያህል ሊነግረኝ ሲጠብቅ የቆየ መሰለኝ።

ለገና ዱርቤቴ ስወርድ በቀጥታ እማማ ቤት ለመሄድ አቅም አጣሁ። ቀድሜ የሄድኩት የእናቴ ወንድም ዘንድ ነው፤ የአብነት መምህር ናቸው፣ ሰፈሩ በሙሉ የኔታ ይላቸዋል። የሠራሁትን ነገርኳቸው። ከዜሮ መቁጠር የሚለው ላይ ስደርስ ንግግሬን ጎተት አደረግኩ፤ የግዕዝ ቁጥር ከ፩ ተነሥቶ ለአሥርም ለመቶም የራሱ ምልክት ያለው፣ ዜሮ የሌለበት ስለሆነ ነገሩ እንግዳ ይሆንባቸዋል ብዬ ነበር። አላስጨረሱኝም።

«አንዱን ለዘመን ትተወዋለህ ማለት ነዋ» አሉ።

ባሕረ ሐሳብን፣ አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበትን የዘመን ስሌት፣ ነው የሚሉት። በጣታቸው መሬቱ ላይ እየጻፉ አሳዩኝ። በ5500 ላይ የዚያን ዓመት፣ 2011ን፣ ስትጨምር 7511 ይሆናል። በ19 ግደፈው፤ 6 ይተርፋል። ከ6ቱ አንዱን ለዘመን ትተዋለህ፤ 5 ይቀራል፤ እሱ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 25፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 5 ይወጣል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሞላሉ፤ አጽዋማትና በዓላት ከዚያ ይወጣሉ። ወንበር 18 ላይ ያበቃል፤ 19 የሚባል ወንበር የለም። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ተራፊው 1 ስለነበር አንዱ ሲተው ምንም አልቀረም፤ አልቦ ተባለ። አልቦ ማለት ዜሮ ነው። ምልክቱ ባይኖረንም ቦታው ነበረን።

«አንዱ ለምን ይተዋል?» አልኳቸው።

«የቆምክበት ዓመት ገና አላለቀማ። ወንበሩ የሚቆጥረው ያለፈውን ነው።»

በክፍል ውስጥ «ኢንዴክስ ከዜሮ ይጀምራል» ተብሎ ነበር የተነገረኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን የገባኝ የዚያን ቀን፣ የኔታ ደጅ መሬት ላይ ተቀምጬ ነው። ኢንዴክስ የተራ ቁጥር አይደለም። ከአንድ ዕቃ በፊት ስንት ዕቃ እንዳለፈ የሚናገር ነው። ከ64ኛው አባል በፊት 63 ሰው አለ፤ ስለዚህ ቦታው 63 ነው። የኔዘርላንዱ የኮምፒውተር ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1982 እ.ኤ.አ. ቁጥር ለምን ከዜሮ መጀመር እንዳለበት በጻፉት አጭር ማስታወሻ የሚደርሱበት መደምደሚያ ይኸው ነው፤ የአንድ ነገር ቁጥር ከእሱ በፊት ያሉትን ብዛት ይንገረን ይላሉ። ይህ ሐሳብ ከቤታችን አጥር ማዶ በየዓመቱ ሲሰላ ነው ያደግኩት። አንድ ቀን ገብቼ ጠይቄ አላውቅም።

ፕሮግራሙን ያን ማታ አስተካከልኩት። ቆጣሪው ከ0 ተነሥቶ «<» በሚለው ብቻ ይሄዳል፤ እኩል የምትለዋ ምልክት ወጣች። ወረቀቱ ላይ የሚታየው ተራ ቁጥር ግን ለሰው ስለሆነ ኢንዴክሱ ላይ 1 ተደምሮ ይታተማል። የአያት ስም ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሳጥኖቹ ጠበቡ። ከግርጌው ደግሞ መዝገቡ የያዘውና የታተመው ብዛት ጎን ለጎን እንዲወጣ አደረግኩ።

አሁን ባሕር ዳር ለጀማሪዎች ጃቫ አስተምራለሁ። ቀይ የወጣበት ተማሪ ሲጠራኝ ኮዱን አላይለትም፤ ሁለቱን ቁጥሮች ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብልኝ እጠይቀዋለሁ። በአዲሶቹ የጃቫ እትሞች መልእክቱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆኗል፤ ኢንዴክስ ይህን ያህል ርዝመቱ ይህን ያህል ከሆነ ዝርዝር ወሰን ውጭ ነው ይላል። ቁጥሮቹ እኩል ከሆኑ «<=» ፈልግ። ኢንዴክሱም ርዝመቱም 0 ከሆነ ከሉፑ በፊት ዝርዝሩን እይ፣ ባዶ ነው፤ ምናልባት ፋይሉ አልተነበበም። ኢንዴክሱ ከዜሮ በታች አንድ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ነገር ፈልገህ «የለም» የሚለውን መልስ እንደ ቦታ ወስደኸዋል። ሦስቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ ብዙዎች ግን አንድ እየደመሩና አንድ እየቀነሱ ቀዩ እስኪጠፋ ይሞክራሉ። እኔ የምፈራው ያን ጊዜ ነው። ቀዩ ሲጠፋ ጥያቄውም አብሮ ይጠፋል።

ቀይ የማያወጣውም አለ። አባል ሲለቅ ወደፊት በሚቆጥር ሉፕ ውስጥ ሆኖ ከዝርዝሩ ማጥፋት ለምሳሌ። 5ኛውን ቦታ ስታጠፋ 6ኛው ላይ የነበረው ሰው ወደ 5 ይሸጋሸጋል፤ ቆጣሪህ ግን ወደ 6 ሄዷል። ያ ሰው ሳይታይ ታለፈ። ስለዚህ ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ቁጠሩ፣ አለዚያም ዝርዝሩ ራሱ ያለውን «ሪሙቭ ኢፍ» ተጠቀሙ እላቸዋለሁ። ይህን ሳስተምር ሰሌዳው ላይ የምጽፈው የፍራፍሬ ስም አይደለም፤ የሰው ስም ነው። ካች ውስጥ ባዶ ቅንፍ ያየሁ እንደሆነ ደግሞ ትምህርቱን አቁሜ የዕድሩን ታሪክ እነግራቸዋለሁ፤ ማን እንደሠራው ግን እስከ አሁን ነግሬያቸው አላውቅም።

ከገና በኋላ በነበረው ስብሰባ አባቴ በጉባኤው ፊት ቆመው እማማን ይቅርታ ጠየቁ። «የኮምፒውተር ስህተት ነው» አሉ፤ እኔን ለመሸፈን ነው። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ተነሥቼ መናገር ነበረብኝ፤ አልተነሣሁም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ ነው።

ለእማማ ግን ከስብሰባው ቀደም ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። አዲሱን ወረቀት ይዤ ስገባ ቡና እየቆሉ ነበር። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ማንም እንዳላወጣቸው፣ መዝገቡ ላይ አንድም ቀን ጎድለው እንደማያውቁ ነገርኳቸው። ምጣዱን ከእሳቱ አወረዱ። «አንተ ምን ታደርግ ልጄ፤ እኔ እኮ የተዋችሁኝ መስሎኝ» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ማንበብ ስለማይችሉ ስማቸው የቱ ጋ እንዳለ በጣት እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። ከነአያታቸው ሲነበብ ሰሙ፤ ደግመህ አንብበው አሉኝ፤ ደገምኩት።

«ከማን ቀጥዬ ነው ያለሁት?»

«ከእርስዎ በፊት ማንም የለም» አልኳቸው።